ሁለት እርሳስ

ሽምብጥ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከቆርቆሮ አጥር ስር፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሞተ ባትሪ ስሰብር፣
አሲዱን ለቦዩ፣ እርሳሱን ለድስቱ፣
ትርፉን ለልጆቼ፣ ጭሱን ለጎረቤቱ።

ማንም አልከሰሰኝ።
ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል እያልኩ አልፌያለሁ፤
አጠበው። የት እንዳደረሰው አሁን አውቃለሁ፦
ከአጥሬ በታች ካለው ከአንጓች ጓሮ ገባ፣
ከጎመኗ ቅጠል፣ ከቲማቲሟ አበባ፣
ከዚያ ከይሁኔ አጥንት፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ እንደ ሌባ።

ይሁኔ ልጇ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል።
እርሳስ ሲያስይዙት ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤
«ሀ» ብሎ ይጀምርና «ሁ» ሳይደርስ ይረሳል።
መምህሩ ሰነፍ አለው፤ እናቱ ዓይን ነው አለች፤
ሁለት ሱባዔ ሙሉ ጠበል አመላለሰች።
እኔ ዝም።
እርሳስ ነው ሁለቱም፣ ባንድ ስም የምንጠራው፣
ደብተር ላይ የሚጽፈው፣ ደም ውስጥ የሚያጠፋው፤
የደሙ እርሳስ መጥቶ የጣቱን አስጣለው።

ሰርክዓለም የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣
አፈር በፌስታል ቋጥራ፣ ቁጥር ጽፋ፣ ወስዳ ለክታ፣
በወሩ ተመለሰች። ትጮህብኛለች ስል
ጠየቀችኝ እንጂ፦ «ታከስላለህ ከሰል?»
አባቴ ከሰል አክስሎ ከስሮ ነው የሞተ።
«ከምን?» አልኳት።
«ከእምቦጭ።»
ሳቄ አመለጠኝ።

እምቦጭ! ታንኳ አስሮ የሚያውል፣ መረብ የሚበጥስ፣
ዘጠኝ እጁ ውሃ፣ ለምድጃ የማይደርስ!
ከሐይቁ ጎትተን ሁለት ሳምንት ፀሐይ አስመታነው፤
ኮረብታ ያህል የነበረው አንድ ጆንያ ሆነ።
በርሜል ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጌ፣
እንደ ክፉ ወሬ አፍኜ፣ ከስሩ እሳት አድርጌ፣
ነጩ ጭስ ወጣ፣ ቢጫው ተከተለ፣
በመጨረሻ ሰማያዊ፣ አለ ሲሉት የለ።

እሷ «ባዮቻር» ትለዋለች። እኔ ግን ሆደ ሰፊ።
በማጉሊያ አሳየችኝ፦
ማሩ የተቆረጠለት የማር እንጀራ ይመስላል፤
እርሳስ በአጠገቡ ሲያልፍ ጎትቶ ያስገባዋል፤
አይገድለው፣ አይፈጨው፣
ሆድ ይፍጀው ብሎ ይችለዋል።

«ይጠፋል ወይ?»
«አይጠፋም። ይታሰራል።»
«የአፈሩስ ይሁን። የልጁ አጥንትስ?»
ሰርክዓለም ጓንቷን አወለቀች። ከውሃው ዳር
ይብራዋ አንገቷን አጥፋ ቆማ ነበር።
ለአጥንት የሚሆን ከሰል ገና አልከሰለም።
ይህን ማንም አልነገረኝ፤ ከዝምታዋ ሰማሁት።

አንጓች፣ ጥቁሩን ዱቄት ጓሮዋ ላይ ስበትን፣
መኮትኮቻዋን ይዛ ቆመች።
አልከለከለችኝም። አላገዘችኝም።
ሦስት በርሜል፣ ሰባት በርሜል። ክረምት ገብቶ ወጣ።
ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጥላሸት ግን አልወጣ።

ትናንት ማለዳ በሬን ገፋ አድርጋ ገባች፤
አንድ እስር ጎመን ከፊቴ አስቀመጠች።
«ሰርክዓለም ለክታው ነበር፤ ቀንሷል አለችኝ።
ጎመን በጤና ይላል ሰው። ጎመኑ ይኸውልህ፤
ጤናውን አንተ ንገረኝ፣ እስቲ ቀድመህ ቀምሰህ።»

ይሁኔ ከኋላዋ፣ ቀሚሷን ይዞ ያየኛል።
አላጠብኩትም። አልቀቀልኩትም።
ቅጠሉን ከነጤዛው ነከስኩት፤ አፌ ውስጥ ተንኮሻኮሸ፤
አፈርም ከሰልም ነበረበት።

አንጓች እስክውጥ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ።